«ያለ ኦርጋን» ካዛንቺስ የገባ ጊዜ

ከአዲስ አበባ ከተመለስን ጀምሮ ገበያ ያገኘኝም፣ ትምህርት ቤት በር ላይ የጠበቀኝም «እስኪ ጉዞውን አውሪኝ» ይለኛል። አንዱን ጨርሼ ዞር ስል ሌላው ይይዘኛል፤ እሱም ከመጀመሪያው ካልሆነ አልሰማም ይላል። ባለፈው እሁድ አንዲት እናት «ለጎረቤቴ ስታወሪ ቅቤው ቀለጠ ብለሽ የለ፣ ለእኔ ለምን ደበቅሽኝ?» ብለው ተቀየሙኝ። በቃ፣ ጻፍኩት። የፈለገ ያንብብ፣ ማንበብ የማይችል ልጁን ያስነብብ። እኔ አዲስ አበባን አይቼ አላውቅም ነበር፤ ስለዚህ ከተማዋን የሚያውቅ ሰው አንዳንዱ ነገር ቢያስቀው አልቀየምም።

ሆሳዕና ውስጥ እኛን የማያውቅ የለም። ወረቀት ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ የት እንደሚደርስ ስለማይታወቅ ማንነታችንን ልንገር። አራት ዘማሪዎች ነን፤ ስማችን «ያለ ኦርጋን» ነው። ስሙን እኛ አላወጣነውም። ያኔ ወጣት ሳለን፣ በአንድ የኮንፈረንስ ጠዋት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን አልጮህ አለ። ለካ አይጥ የመብራት ገመዱን በልታዋለች። ኳየሩ ቆሞ እርስ በርሱ ሲተያይ፣ ከኋላ ረድፍ አናጺው ጋሽ ደስታ ኦርጋኑ ላይ በግራ እጅ የሚመታውን ወፍራሙን ዜማ በአፉ «ዱም፣ ዱም» ማለት ጀመረ። ሌሎቻችን በላዩ ላይ ገባንበት። ከዚያ ወዲያ ሰው «እነዚያን ያለ ኦርጋኖቹን ጥሩልን» ማለት ጀመረ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ኦርጋኑ ተጠግኖ ሲመጣ እንኳ አልተመለስንበትም። ሠርግ ላይ፣ ልቅሶ ላይ፣ ዱራሜና ሶዶ ድረስ፣ አንዴማ ድንች የጫነ አይሱዙ ላይ ተቀምጠን ሄደን ዘምረናል።

በየጊዜው የተለዩን አሉ። አግብተው የሄዱ፣ ብቻቸውን መዘመር ያማራቸው። የቀረነው ከላይ ልብስ ሰፊዋ ብርቱካን፣ ከእሷ ሥር እኔ አስተማሪዋ ታደለች፣ ከእኔ ሥር ማዘጋጃ ቤት የሚሠራው ታሪኩ፣ ከሁላችንም ሥር ጋሽ ደስታ ነን። በዕድሜ ይበልጠናል፤ ቢሆንም ጋሽ እያልን አንተ ነው የምንለው፣ እርስዎ ስንለው የተጣላነው ይመስለዋል።

ይህን ሁሉ ዓመት ስንዘምር አንድ የረባ ቅጂ አልነበረንም። ያሉት ሰው በየቤቱ ቴፕ የቀዳቸው፣ ዶሮ የሚጮህባቸውና ሕፃን የሚያለቅስባቸው ናቸው። እኛም አልቸኮልንም። ያስቸኮለን የጋሽ ደስታ አንገት ነው። የተሸከመው እንቅርት የመተንፈሻ ቧንቧውን እየተጫነው ስለመጣ የእኛው ሐኪም መውጣት አለበት ብሎ አዲስ አበባ ላከው። የድምፅ ነርቭ የሚያልፈው ከእንቅርቱ ኋላ ስለሆነ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ድምፁ እንደ ድሮው ላይሆን እንደሚችልም አልደበቀውም። ጋሽ ደስታ ይህን ሲነግረን ይስቅ ነበር። ብርቱካን ግን መቀሷን አስቀምጣ አለቀሰች። ሆስፒታል የሚተኛው ዓርብ ነው። እኛም ሰኞ አብረነው ሄደን፣ ዓርብ ሳይደርስ ያንን ድምፅ ልንቀዳው ተስማማን። ሚሌኒየሙ ካለፈ በኋላ ነው፤ ካሴት እየሞተ፣ ሁሉ ሰው ሲዲ ሲዲ በሚልበት ጊዜ።

ሰኞ

ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ደረስን። ለምናርፍበት ቤት የያዝነው ቡላና በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ነበር። ታሪኩ ቅቤውን ከጣሪያ ዕቃ ጋር አልሰጥም ብሎ ሹፌሩ አጠገብ ያለው የሞተር ክዳን ላይ አኖረው። ሞተር እንደሚግል የማያውቅ ሰው ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንጃ። ወራቤ ሳንደርስ ቅቤው መፍሰስ ጀመረ። ሊያድነው ብሎ ሲያቅፈው፣ ለስቱዲዮ ክብር የለበሰው ያ ያለው አንድ ኮት ከደረቱ እስከ ኪሱ ራሰ። አውቶቡሱ በሙሉ አዲስ የተሠራ ፀጉር ሸተተ። ቡታጅራ ቁርስ ልንበላ ስንወርድ የመንደሩ ውሾች ታሪኩን መርጠው ተከተሉት።

ቡታጅራ ፍርፍር ስንበላ፣ አንዲት ነጋዴ ጋሽ ደስታን በዚያ ሙቀት ሻርፕ የጠመጠመው ለምን እንደሆነ ጠየቀችው። እሱ መደበቅ አያውቅም፤ ሻርፑን ገለጥ አድርጎ አሳያት። የእሷም እህት እንዲሁ እንቅርቷን በቀዶ ጥገና አስወጥታ ዛሬ ገበያ መሃል እየተጣራች ትሸጣለች አለችው። ትንሽ ጎርነን ከማለቷ በቀር ደህና ናት። ጋሽ ደስታ «ጎርነን ማለቱንስ እችልበታለሁ፣ ከዚህ በታች መውረጃ ካለ» አለና ሁላችንንም አሳቀን። የሻዩን ሒሳብ ነጋዴዋ ናት የከፈለችው።

ጢያ አለፍ ብለን ጎማ ፈነዳ። ጢያን የሚያህል ታሪክ ያለበት አገር አጠገብ ቆመን እኔ ትክል ድንጋዮቹን አላየኋቸውም፤ ያየሁት የሹፌሩን ክሪክ ነው። ጋሽ ደስታ ዝም ብሎ መቆም ስለማይወድ እንዘምር አለ። እኛ ስንዘምር ክብ ሠርተን ነው የምንቆመው። ቁጥር የሚቆጥር የለ፣ እጅ የሚያነሳ የለ፤ የጋሽ ደስታ ትከሻ ከፍ ሲል እንተነፍሳለን፣ ዝቅ ሲል እንጀምራለን። ሹፌሩ ጎማውን ጨርሶ መዝሙሩ እስኪያልቅ ጠበቀን። ሲያልቅ ጋሽ ደስታ እንደ ልማዱ በዚያ ከመሬት በሚወጣ ድምፁ «ተመስገን» አለ። እኛ ቤተ ክርስቲያን እሱ ተመስገን ካላለና ሕዝቡ አሜን ብሎ ካልመለሰ መዝሙር አለቀ አይባልም። መንገድ ዳር የቆመው ተሳፋሪ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ሹፌሩም ክሪኩን እንደያዘ፣ አሜን አለ።

አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ስንወርድ የእኔ ጆሮ ሥራ አቆመ። ከዚያ ሜክሲኮ በሚኒባስ ሄድን። እኛ አገር ባጃጅ ተሳፋሪ ይለማመጣል፤ እዚህ ሰው ተሰልፎ ሚኒባስ ይለማመጣል። የአጎቴ ሚስት እትዬ አስካለ አደባባዩ ጋ ይቀበሉናል ተብሎ ነበር፤ ግን ካየኋቸው ልጅነቴ ነው፣ መልካቸው ጠፍቶኛል። ዕቃችንን መሃል አድርገን እንደ ልማዳችን ክብ ሠርተን ቆምን። የሜክሲኮ ሰው እየገፋን፣ እየተሳደበም ሲያልፍ፣ ነጠላ የለበሱ አጭር ሴት ሰዉን እየሰነጠቁ መጡና ቀጥ ብለው ታሪኩ ፊት ቆሙ። ደረቱን አሸተቱት።

«አጎትሽ ከአገሩ በተመለሰ ቁጥር እንዲህ ነበር የሚሸተው» አሉኝ፤ ከዚያ አንገቴን አቅፈው አለቀሱ። አጎቴ ከሞተ ቆይቷል። የታሪኩ ቂልነት እንዲህ ጠቀመን።

የእትዬ አስካለ ቤት ቂርቆስ ነው፤ የቀበሌ ቤት፣ አንድ ክፍልና አንዲት ጓዳ። ግቢው የብዙ ሰው ነው፤ ቧንቧ አንድ፣ ሽንት ቤት አንድ። እኛ ቤት ከጓሮ እንሰቱ ይቀጥላል፤ እዚህ ከጓሮ የሌላ ሰው ግድግዳ ነው። አልጋቸውን ለብርቱካንና ለእኔ ሰጥተው ራሳቸው መሬት ካልተኛሁ አሉ። ወንዶቹን ጎረቤት አስተኙ። እሳቸው የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ናቸው፤ አጎቴ ግን እንደኛው ነበር። «ጴንጤ አግብቼ ስንት ዓመት ኖርኩ፣ ጥቂት ቀን እናንተን አልችልም?» አሉ።

ማክሰኞ

ስቱዲዮው ካዛንቺስ ስለሆነ በእግር ሄድን፣ በመስቀል አደባባይ በኩል። ካዛንቺስ እንዲህ ያለች ናት፦ ግማሹ ሰፈር ፈርሶ በቆርቆሮ ታጥሯል፣ በአጥሩ ውስጥ ፎቅ ይበቅላል፣ ግማሹ ደግሞ እንደ ቀድሞው ነው። በየመንገዱ ቡና ቤት አለ፤ ጠዋት ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ሰቅለው ወለል ያጥባሉ። ታሪኩ ዓይኑን ጨፍኖ ሊያልፍ ሲል ቱቦ ውስጥ ሊገባ ነበር። ከአንዱ ቤት በር ላይ መጥረጊያ የያዘች ልጅ የጋሽ ደስታን ሻርፕ አይታ ጉንፋን መስሏት ነው መሰለኝ «ይማርዎት አባቴ» አለችው። ያኑርሽ ብሎ መለሰላት።

ስቱዲዮ ሲባል እኔ ትልቅ አዳራሽ ጠብቄ ነበር። የአንድ ቪላ ሰርቪስ ቤት ነው። ግድግዳው በፍራሽ ስፖንጅና በእንቁላል ካርቶን ተለብጧል። ብርቱካን ካርቶኑን እየነካካች እንቁላሉን ማን እንደበላው ጠየቀች። ባለቤቱ ኤፍሬም የሚባል ወጣት ነው፤ ኤፊ በሉኝ ይላል። የዘማሪውንም የዘፋኙንም ሥራ ይሠራል፣ ሁለት ቃል ሲናገር አንዱ «በቃ» ነው። ኪቦርዱን ከፍቶ ምን ዓይነት ሙዚቃ ልሥራላችሁ አለን። ሙዚቃ የለንም፣ በአፋችን ብቻ ነው አልነው። ትንሽ አየንና «ምንም? ማለቴ፣ ድራም እንኳ?» አለ።

እሱ የሚያውቀው አሠራር አንድ በአንድ ነው። አንዱ ሰው ብቻውን ገብቶ፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ይዘምራል፤ ይወጣል፤ ሌላው የመጀመሪያውን እያዳመጠ ይደርብበታል። እንሞክረው አልን። መጀመሪያ ጋሽ ደስታ ገባ። ያንን ማዳመጫ በጆሮው አድርጎ፣ ግድግዳ እያየ፣ ብቻውን «ዱም፣ ዱም» አለ። እውነቱን ለመናገር ያስቃል። ኤፊ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ጋሽ ደስታ በመስታወቱ አየን። ማዳመጫውን አወለቀና ይህ ነገር የራሴን ድምፅ መልሶ ይሰጠኛል፣ እኔ የምፈልገው የእናንተን ነው አለ።

እኛም ስንገባ አልሆነልንም። ትከሻው በሌለበት መቼ እንደምንተነፍስ አናውቅም። ብርቱካን ትቀድማለች፣ ታሪኩ ይዘገያል፣ እኔ በመሃል አፌን ከፍቼ እቀራለሁ። ስንት ዓመት አብረን ዘምረን እንደማንተዋወቅ ሰዎች ሆንን። ማታ ቤት ገብተን እትዬ አስካለ ለጉሮሯችን ተልባ በማር በጥብጠው ሰጡን። የደበረን ይወጣልን ብለን ክብ ሠርተን ቀስ ብለን ዘመርን። ግድግዳው ተንኳኳ። ተቆጡን ብለን ጸጥ ስንል፣ ከዚያ ማዶ የሴት ድምፅ ያችኛዋን ድገሙልን አለ።

ረቡዕ

ጠዋት ለኤፊ ነገርነው፦ ወይ ክብ ሠርተን ወይ ምንም። አሰበበትና አንድ ማይክ ከመሃል አቆመልን። አዲሱ አሠራር ግን አዲስ ችግር አመጣ። ማይኩ ክፍት ስለሆነ ከአጥሩ ማዶ ያለው የፎቅ ሥራ፣ ኮንክሪት ማደባለቂያው በተለይ፣ አብሮን ይዘምራል። ጸጥ የሚለው ሠራተኞቹ ምሳ ሲበሉ ብቻ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ቁጭ ብለን ጠበቅን። እኛ አገር ጸጥታ ለማግኘት ምሳ ሰዓት አይጠበቅም፤ ከበር መውጣት ይበቃል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ማደባለቂያው ቆመ። ዘመርን፤ እንዴት እንዳማረ አልነግራችሁም። የመጨረሻው ድምፅ ገና ክፍሉ ውስጥ ሲንሳፈፍ ጋሽ ደስታ «ተመስገን» አለ።

ኤፊ በሩን ከፍቶ ገባ። መጨረሻው ላይ ድምፁ ቀስ ብሎ እስኪጠፋ ዝም ማለት አለባችሁ አለ። አንድ ማይክ ስለሆነ ያቺን ቃል ለይቶ መቁረጥ አይችልም፤ ቃሏን ከቆረጠ የእኛን መጨረሻ አብሮ ይቆርጣል። ጋሽ ደስታ ይቅርታ ጠየቀ። እንደገና ዘመርን፣ እንደገና ተመስገን አለ። «ፋዘር፣ በእናትዎ» አለ ኤፊ። ሦስተኛውን ስንጀምር እኔ እግሩን ልረግጠው ተዘጋጀሁ። ረገጥኩትም። ተመስገን ካለ በኋላ ነው የተሰማው።

ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ይህን ሁሉ ዓመት እሱ ሲል አሜን እያልን ያስለመድነው እኛ ነን። አራተኛውን ልንሞክር ስንል መብራት ጠፋ። እስኪመጣ ጠብቀን ጠብቀን ማደባለቂያው ተመለሰ፤ የእነሱ ጄኔሬተር ነበራቸው። መብራቱ በዚያ ቀን አልመጣም።

ከሰዓት በኋላ ተነስተን ወደ ቂርቆስ ስንመለስ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ዐረፍ አልን። ብርቱካንና ታሪኩ ከእኛ ዝቅ ብለው ተቀምጠው የሚሮጡትን ወጣቶች ያያሉ። እኔና ጋሽ ደስታ ብቻ ቀረን። እሱ እንደ ልማዱ አልሳቀም።

«ታዱ፣ ሰው ሁሉ ሞት የምፈራ ይመስለዋል። እኔ የምፈራው ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ዝም ብዬ መቀመጥን ነው። ምን ልሁን ብዬ እቀመጣለሁ?»

ሻርፑን አስተካከልኩለትና ተነሳን።

ቤት ስንደርስ እትዬ አስካለ ለእኛ እንቁላል ጠብሰዋል። ረቡዕ ነው፣ እሳቸው ይጾማሉ። የራሳቸው መጥበሻ እንዳይነካካ ከጎረቤታቸው ከወይዘሮ ዘሃራ ተውሰዋል። እኛ የሚበሉትን እንበላለን ብንልም አልሰሙንም፤ የሚዘምር ሰው ሽሮ ብቻ በልቶ አይሆንም አሉ። በጾም ቀን ለጴንጤ እንቁላል ሲጠብሱ ቄሱ ቢያዩዎትስ ስላቸው፣ ቄሱ መጥበሻው የማን እንደሆነ አያውቁም ብለው መለሱልኝ።

ሐሙስ

ይህ የመጨረሻ ቀናችን ነው። በማግስቱ ጋሽ ደስታ ይተኛል።

መብራት ነበር። ሠራተኞቹ ከመግባታቸው በፊት ደረስን። ኤፊም እንቅልፉን ትቶ ጠበቀን፤ ዓይኑ ቀልቷል። ጋሽ ደስታ መሐረብ አጥፎ ያዘ፤ መዝሙሩ ሲያልቅ ሊነክሰው። ዘመርን። አለቀ። መሐረቡን ነከሰ፤ ምንም ቃል አልወጣም። ኤፊ በመስታወቱ አውራ ጣቱን አሳየን። ተቃቀፍን። ከዚያ አስቀምጦ አሰማን፤ ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ጋሽ ደስታ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ መጨረሻውን ሲጠብቅ ነው የዘመረው። ድምፁ አለ፣ ግን እንደ ተበደረ ዕቃ በጥንቃቄ የያዘው ይመስላል። እሱ ራሱ «ይሄ እኔ አይደለሁም» አለ። ኮንክሪቱ ጀመረ፣ እኛም እስከ ምሳ ልንጠብቅ ተቀመጥን።

ያኔ ተስፋ ቆረጥኩ። በልቤ እግዚአብሔርን ተቆጣሁት፣ ይህን አልደብቅም። ዶሮ የሚጮህበት ቴፕ ይበቃናል፣ ምን አመጣን አልኩ። ታሪኩ በቅቤ ኮቱ ጥግ ይዞ ይጸልያል፤ ብርቱካን እንቁላል ካርቶኑን ትቆጥራለች።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል እትዬ አስካለ ሳህን በጨርቅ ቋጥረው ደረሱ። ከቂርቆስ ካዛንቺስ ድረስ በእግራቸው። ምሳ ሰዓት ላይ እንደምንዘምር ስለነገርናቸው መቼም አይበሉም ብለው ነው። የኤፊ ክፍል ለራሱም አትበቃውም፤ እኛ ያለንበት ጥግ አስቀመጣቸውና እንዳይናገሩ፣ እንዳያስነጥሱ፣ ቋጠሮውን እንዳይነኩ አስጠነቀቃቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ማደባለቂያው ቆመ። ጋሽ ደስታ መሐረቡን አወጣ፤ አየውና መልሶ ኪሱ ከተተው። ትከሻው ከፍ አለ። መንገድ ዳር እንደዘመርነው ዘመርን። ጋሽ ደስታ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ያንን ሻርፕ አውልቆ፣ እንቅርቱ በያንዳንዱ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ሲል ይታየኛል። መዝሙሩ አለቀ። ሁላችንም ቆመን ጠበቅነው።

«ተመስገን።»

ከጥጉ፣ ከነጠላው ውስጥ፣ «አሜን» ተባለ።

ዞር ስንል እትዬ አስካለ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በድንጋጤ ያዩናል። ወይኔ አበላሸሁባችሁ፣ ሳላስበው ነው፣ ሰው ተመስገን ሲል ዝም እንዴት ይባላል ብለው ሊያለቅሱ ደረሱ። ኤፊ በመስታወቱ ማዶ ማዳመጫውን እንዳደረገ አልተነሳም። መልሶ ሰማው። እንደገና ሰማው። ከዚያ በሩን ከፍቶ ገባ፤ በቃ የሚለውን ቃል እንኳ ረስቶታል።

«ፋዘር፣ እኔ ነኝ ያልገባኝ። ሁሉም ላይ ይበሉት» አለ። ወደ ጥጉ ዞሮ ደግሞ «እርስዎም» አለ።

አሁን የቀረን ችግር ሰዓት ነው። ሌሎቹ መዝሙሮች አልተነኩም፣ ሠራተኞቹ ምሳቸውን ሊጨርሱ ነው። እትዬ አስካለ ያንን የእኛን ምሳ አንስተው ወጡ። በአጥሩ ቀዳዳ ሲገቡ አየናቸው። የሠራተኞቹን አለቃ፣ ፎርማኑን፣ ምን እንዳሉት እስካሁን አይናገሩም። እኛ የምናውቀው ምሳችን እዚያ እንደቀረ፣ ፎርማኑም ኮንክሪቱን ለነገ ትቶ ሠራተኞቹን ከሰዓት ብረት እንዲያስሩ እንዳዘዛቸው ነው። ባዶ ሆዳችንን እስኪመሽ ዘመርን። በየመዝሙሩ መጨረሻ ጋሽ ደስታ ተመስገን፣ እትዬ አስካለ ከጥጋቸው አሜን። ካዛንቺስ ቡና ቤቶቿ ሙዚቃ ሲከፍቱ የመጨረሻውን ጨረስን። ኤፊ ራሱ ወጥቶ ዳቦና ሙዝ ገዛልን፤ እንደዚያ የሚጣፍጥ ዳቦ በልቼ አላውቅም።

ዓርብ

ጋሽ ደስታ ተኛ። የሆስፒታሉን ነገር ብዙ አልጽፍም፤ ወረፋ የትም ወረፋ ነው። አልጋው ላይ ሆኖ እኛን ያጽናናል፤ አጠገቡ ላለው በሽተኛም መስኮቱ ለምን እንደማይዘጋ፣ ማጠፊያው በምን መቀየር እንዳለበት ያስረዳል። የእኔ ትምህርት ቤት፣ የታሪኩ ቢሮ፣ የብርቱካን የሠርግ ልብስ ይጠብቁናል፤ ከቅዳሜ ማለፍ አልቻልንም። ማን ያስታምመዋል ብለን ስንጨነቅ እትዬ አስካለ ተቆጡን። «እናንተ ደግሞ፣ እኔ የማን ሆኜ ነው?» አሉ። ምግብ ያመላልሱለታል፣ ጠበልም ልስጥህ አይሉትም፤ እሱ ከጠየቀ ግን አይከለክሉትም። እሱም ስቆ እሺ አለ።

ስንሰናበት እጄን ያዘኝ። ድምፁን የሚቆጥብ መሰለኝ።

ቅዳሜ

ሦስታችን ተመለስን። ዓለም ገናን ሳናልፍ አንድ ሰው ዘማሪዎች መሆናችንን ሰምቶ አንድ ነገር እንድንልለት ለመነን። ጀመርን። የምንተነፍስበት ትከሻ የለም፤ ከሥራችን ያለው ወለል ተነቅሎ የሄደ ይመስል ነበር። ሁለት ስንኝ ላይ ብርቱካን አቆመች። ሰውየው ደህና ነው፣ ይበቃል አለን። ቡታጅራ ቁርስ አማረን ብለን ወረድን፣ ግን ማንም አልበላም። ታሪኩ ኮቱን አውልቆ ይዞታል፤ ውሾቹም አልመጡም።

ከተመለስን በኋላ

ጋሽ ደስታ ቀዶ ጥገናው በሰላም ሆኖለት መጣ። ይተነፍሳል፣ ይተኛል፣ ይሠራል። ድምፁ ግን ሄዷል። የቀረው ሰው ጆሮ ሥር የሚናገሩት ዓይነት ሹክሹክታ ነው። ሐኪሙ ከጊዜ በኋላ ትንሽ ሊሻል ይችላል ብሎታል። እሱ ግን እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መምጣት አቆመ። በሄድን ቁጥር የሚጠርበው እንጨት፣ የሚሞርደው መጋዝ አያጣም።

ሲዲው ሲደርሰን ፓስተራችን እሁድ ለጉባኤው ይሰማ አሉ። ቅዳሜ ማታ ጋሽ ደስታ ቤት ሄጄ ነገ ካልመጣህ እኔም አልሄድም አልኩት። አስተማሪ ነኝ፣ ማስገደድ ሥራዬ ነው። መጣ። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ እኔ ጎን ተቀመጠ። ሻርፑን ለምዶት ነው መሰለኝ አሁንም ጠምጥሞታል።

መዝሙሩ ተከፈተ። ከስፒከሩ የጋሽ ደስታ ድምፅ ሲወጣ ጉባኤው በሙሉ ወደ ኋላ ዞሮ አየው። እሱ ጉልበቱን ያያል። መዝሙሩ አለቀ፤ ከዚያ ካዛንቺስ የቀረው ያ ድምፅ «ተመስገን» አለ። ከስፒከሩ እትዬ አስካለ አሜን አሉ፤ ጉባኤውም ማንም ሳያዘው አሜን አለ።

ከጎኔ ሹክሹክታ ሰማሁ። ጋሽ ደስታ አሜን ብሎ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ተመስገን ባዩ እሱ ስለነበር፣ አሜን ሲል ሰምቼው አላውቅም።